ሪፈር የተጻፈለት በሽተኛ አስታማሚ ምን ይዞ ይሂድ?

ጎጃም ውስጥ ሰው ሲታመም ጎረቤት ቃሬዛ ይዞ ለመድረስ አይሰንፍም። ጭንቁ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ጎረቤቱ ይመለስና አስታማሚው በአንድ ፌስታል ልብስ የሆስፒታሉ ግቢ መሀል ይቀራል።

ከቤት ሳትወጡ ወረቀቱን ሰብስቡ፦ የጤና መድን መታወቂያ፣ የሪፈር ወረቀት (ወደ ከፍ ያለው ሆስፒታል የሚልካችሁ)፣ የቀድሞ የላቦራቶሪና የራጅ ውጤት፣ በሽተኛው ሲወስድ የነበረው መድኃኒት ከነማሸጊያው። እናቴን ይዤ የሄድኩ ጊዜ መታወቂያው ሳጥን ውስጥ ቀርቶ፣ ወንድሜ ከቡሬ እስኪያመጣው ሁለት ቀን ከኪሴ ከፍያለሁ። የመድኑ መዋጮ በየዓመቱ ስለሚታደስ እሱንም አስቀድማችሁ እዩ።

ደረጃውን አትዝለሉ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ የወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ እንደ ሕመሙ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወይም ባሕር ዳር ያሉት ሆስፒታሎች፣ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ናቸው። ያለ ሪፈር በቀጥታ የሄደ የመድን አባል ሙሉ ሽፋን አያገኝም። ደም እየፈሰሰው ያለ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ግን ወረቀት አይጠበቅለትም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል አስገቡት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

«አልጋ የለም» ሲሏችሁ ላይዘን የሚባለውን ክፍል ጠይቁ። ስሙ እንግዳ ቢሆንም ሪፈርና አልጋ የሚያገናኙት እነሱ ናቸው። መድኃኒት ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ ማዘዣው ላይ ፋርማሲው ውስጥ እንደሌለ በማኅተም አስረግጡ፣ ሕጋዊ ደረሰኝም ተቀበሉ፤ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ የወረዳችሁን ጤና መድን ቢሮ ትጠይቁበታላችሁ።

አሁን ዋናው፦ አንድ ደብተር ግዙ። የኔው ገጽ እንዲህ ይል ነበር፦ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት፣ ትኩሳት 39። ሲስተር መርፌ ወጋቻት። ጠዋት ለዶክተር፦ እግሯ ለምን አበጠ?» ሐኪሞቹ ጠዋት ራውንድ፣ ማለትም በየአልጋው እየዞሩ ሊያዩ፣ ሲመጡ የሚቆሙት ለጥቂት ደቂቃ ነው። ካልጻፋችሁት ዶክተሩ ሲወጣ ነው ጥያቄው ትዝ የሚላችሁ። አገውኛ ብቻ የምትናገር እናት ይዛችሁ ከአዊ ከመጣችሁ፣ የሚያስተረጉም ሰው ለራውንዱ ሰዓት አዘጋጁ።

ጾምና ጠበልን አትደብቁ። ሐኪም ይቆጣል ብሎ የሚሸሽግ ብዙ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር በሽተኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጾመ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ መጠኑንና ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ጠበሉን ስለጠጣ መድኃኒቱን ማቆም የለበትም።

ከቤተሰብ አንድ ሰው ብቻ ከሐኪሞቹ ጋር ይነጋገር። ሌሊት ዋርዱን ሙሉ የያዘች ነርስ ለአምስት ዘመድ አንድ መልስ አምስት ጊዜ ስትናገር የሌላው በሽተኛ ግሉኮስ ያልቃል። እናንተም በተራ አድሩ፤ እድሩ ለቀብር ብቻ አይደለም፣ ለማደሪያ ተራም ሰው ላኩ በሉት። ሦስት ሌሊት ያልተኛ አስታማሚ ኪኒን ይቀላቅላል፤ እኔ ቀላቅያለሁ።

ስትወጡ የቀጠሮ ካርዱንና የመድኃኒቱን አወሳሰድ አስጽፉ። ቤት በገባችሁ ሰሞን ወረቀቱን ለቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አሳዩ፤ ቁስሉን የምታይላችሁ፣ ቀጠሮውንም የምታስታውሳችሁ እሷ ናት።