የሌክሰስ ኤልኤስ 400 ችግርና መፍትሄ፦ ዲናሞውን የሚገድለው ከላዩ ያለው ፖምፓ ነው

ይህ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2000 የተመረተውንና ባለ 4 ሊትር ቪ8 ሞተር (1ዩዜድ-ኤፍኢ) ያለውን ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ይመለከታል። ዘይት መለካት፣ የባትሪ ተርሚናል ማጽዳትና ፊውዝ ማየት ለማይቸግረው ሰው የተጻፈ ነው። ሞተሩ ራሱ በእርጅና እምብዛም አይታማም፤ 400,000 ኪሎሜትር አልፎም ሳይከፈት ይሠራል። መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀሩት በሞተሩ ዙሪያ የታሰሩት ነገሮች ናቸው። ከእነሱም አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ስለሚብስ ከእሱ እንጀምር።

ምልክት፦ የባትሪው መብራት ይበራል፤ ዲናሞ ይቀየራል፤ ከወራት በኋላ መብራቱ ተመልሶ ይበራል

መሪውን የሚያቀለው የመሪ ዘይት ፖምፓ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ በላይ ነው የተቀመጠው። ፖምፓው ማልቀስ ሲጀምር ቀዩ ዘይት መሬት ከመድረሱ በፊት ዲናሞው ላይ ያርፋል። በአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ ይገባና ከካርቦኑ (ዲናሞው ውስጥ የሚሽከረከረውን ቀለበት እየነካ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፈው ቁራጭ) ብናኝ ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ይሆናል። ካርቦኖቹ ማደሪያቸው ውስጥ ይጣበቃሉ፤ እያለቁ ሲሄዱ ስፕሪንጉ ወደፊት ሊገፋቸው ያቅተዋል፤ ቀለበቱን በደንብ ስለማይነኩ ቻርጁ ይቆራረጣል። መብራቱ የሚበራው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

በየጋራዡ የሚታየው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። መኪናው ባትሪ አይሞላም ተብሎ ይገባል። ዲናሞ ይቀየራል፣ ይለካል፣ 14.2 ቮልት ያሳያል፣ ይወጣል። ፖምፓውን በባትሪ መብራት ያየው ሰው የለም። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱ ዲናሞ ቀይ ዘይት ለብሶ ይመለሳል። ሁለተኛ ይገባለታል፣ ሦስተኛ ይገባለታል፤ በመጨረሻ መኪናው «ዲናሞ ይበላል» የሚል ስም ይወጣለታል። ዲናሞ የሚበላው ግን ከላይ ያለው የደረቀ ጎማ ነው።

ስለዚህ ከመፍታት በፊት ይለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ባትሪ 12.5 ቮልት አካባቢ ሊኖረው ይገባል። ሞተሩን ያስነሱና የፊት መብራቱን፣ ማራገቢያውንና የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አንድ ላይ ያብሩ፤ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ከ13.5 ብዙም መውረድ የለበትም። 2,000 ዙር ላይ እንኳ 13 ካልሞላ ካርቦኑን ወይም ሬጉሌተሩን (ቮልቱን የሚቆጣጠረውን) ይጠርጥሩ። ከዚያ መለኪያውን ወደ ኤሲ ቮልት ይለውጡት፤ ባትሪው ላይ ከ0.5 በላይ ካሳየ ዳዮድ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው) ተቃጥሏል፤ ያንን ዲናሞ ማጠብ አያድነውም።

ምክንያቱን መፈለግ

ፖምፓውን፣ ቱቦዎቹንና አካባቢውን አጥበው ያድርቁ። ሳይታጠብ የሚደረግ ፍለጋ ግምት ብቻ ነው፤ የቆየ ዘይት ሁሉንም ቦታ ያፈሰሰ ያስመስለዋል። ከዚያ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትተው ሌላ ሰው መሪውን ከጫፍ ጫፍ ያዙር። መሪው ጫፍ ላይ ከ5 ሰከንድ በላይ ተይዞ አይቆይ፤ ግፊቱ ፖምፓውን ይጎዳዋል። ነጭ ወረቀት እየነኩ ይፈልጉ፦ ቀይ ከሆነ የመሪ ዘይት ነው፤ ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በዘይት ማጠራቀሚያውና በፖምፓው መካከል ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ነው። ሙቀት ያደርቀዋል፤ ሲወጣ እንደ ፕላስቲክ ቀለበት ጠንክሮ፣ አንዳንዴም ጣት ላይ ተሰብሮ ይገኛል። ቀጥሎ ከፑሊው በስተኋላ ያለው የዘንጉ ፓራሊዮ (ዘይት ማገጃ ጎማ) ነው፤ ይህ ሲያፈስ ዘይቱን ፑሊው ዙሪያውን ይረጨዋል። የመመለሻው ቱቦ ማሰሪያው ሥር ሲሰነጠቅም ያነባል። የከፍተኛ ግፊቱ ቱቦ መጋጠሚያ የሚያፈሰው ደግሞ በተለይ አሮጌው ሮንዴላ ተመልሶ ሲታሰር ነው።

አንድ ነገር ግን ምንም ሳይንጠባጠብ ዘይቱን ያጠፋል። ፖምፓው ላይ ሁለት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች የሚገቡበት ትንሽ ቫልቭ አለ። ሥራው መሪ ሲዞርና ጫና ሲበዛ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር ለቆ ሚኒሞው እንዳይወርድ ማድረግ ነው። ውስጡ ሲያልቅ ሞተሩ በዚያው ቱቦ የመሪውን ዘይት ይስበዋል። ዘይቱ ይቃጠልና ማርሚታው ወፍራም ነጭ ጭስ ያወጣል፤ በተለይ መሪ ሲዞር። በዚህ ጭስ ብቻ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተር ራስ ማሸጊያ) ነው» ተብሎ ሞተራቸው የተከፈተ መኪኖች አሉ። መዳፍ ውስጥ ለምትገባ ቫልቭ ያን ሁሉ ሞተር መክፈት ያሳዝናል፤ ያናድዳልም። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦ ቱቦዎቹን ከቫልቩ ይንቀሉና ጫፋቸውን ነጭ ወረቀት ላይ ይጫኑ። ውስጣቸው ደረቅ መሆን አለበት። ቀይ ክብ ከተወ ቫልቩ ሞቷል። አዲሱ እስኪገኝ ሁለቱንም ቱቦዎች በጥብቅ መድፈን ይቻላል፤ መኪና ሲያቆሙ ሚኒሞው ትንሽ ከመውረዱ በቀር ችግር አያመጣም።

መፍትሄው

የባትሪውን ነጌቲቭ ይፍቱ። የፑሊውን ዳዶ (ብሎን ማሰሪያ) ቺንጋው (ቀበቶው) ሳይወጣ ያላሉት፤ ቺንጋው ከወጣ በኋላ ፑሊውን የሚይዝልዎት ነገር የለም። ዘይቱን ይምጠጡ፣ ቱቦዎቹን ይፍቱ፣ ዲናሞውን በፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ፖምፓውን ያውጡ። ሙሉውን የጎማ ኪት ይቀይሩ፤ «የሚያፈሰው ይሄኛው ብቻ ነው» ብሎ አንዷን መለወጥ ፖምፓውን በቅርቡ እንደገና ለመፍታት መዘጋጀት ነው። ዘንጉን በጥፍር ይዳስሱት፤ ፓራሊዮው የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጎድጓዳ መስመር ካለ አዲስ ፓራሊዮም አያቆመውም፤ ፖምፓው ይቀየር። ፖምፓው ከተከፈተ ዘይቱን የሚገፉት ትናንሽ ሳህኖች ሲመለሱ ክብ ጫፋቸው ወደ ውጭ ይሁን። የርካሽ ኪት ጎማ ዘይት ነክቶት ሲያብጥና ሲለሰልስ ይታያል፤ ይህን ሁሉ ፈትቶ እሱን መግጠም ልፋትን መጣል ነው።

ዲናሞው ዳዮዱ ደህና ከሆነ ይፈታ፣ በኤሌክትሪክ ማጽጃ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። ካርቦኖቹ ዘይት የጠጡ ከሆኑ ርዝመታቸው ቢበቃም ይቀየሩ፤ የጠጣ ካርቦን አይጸዳም። ማጽጃው ተቀጣጣይ ነው፤ ባትሪው እንደታሰረ መርጨት መኪናውን ማቃጠል ነው።

የመሪው ዘይት ዴክስሮን ሁለት ወይም ሦስት ኤቲኤፍ (የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት) ነው። ለማጠብና ለመሙላት 2 ሊትር ይበቃል። ፊቱን በክሪክ አንስተው በመቆሚያ ይደግፉ። የመመለሻውን ቱቦ ወደ ጠርሙስ ያስገቡ፣ በማጠራቀሚያው በኩል የቀረውን አፍ ይድፈኑ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ መሪውን እያዞሩ ንጹሕ ቀይ እስኪወጣ ይሙሉ። ሞተሩ በደረቅ ፖምፓ አይነሳ። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመው ያዙሩ።

በምንም ምክንያት የፍሬን ዘይት እንዳይጨምሩ። «ሁሉም ዘይት ነው» ብለው የጨመሩ ሰዎች የፖምፓውንም የመሪ ሳጥኑንም ጎማ በአንዴ አጥተዋል። ፍሳሽ ያቆማል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውም ጎማውን በማሳበጥ ለጊዜው ያታልላል እንጂ አይጠግንም። መሪው ከብዶ ፖምፓው የሚጮህ ከሆነ ደግሞ መሪ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ፈትተው ወንፊቱን ይዩ፤ ተደፍኖ ከሆነ ይታጠብ።

ሌሎች ምልክቶች

ሚኒሞው ይረበሻል፣ ማርሹ ይመታል፣ ከሞተሩ ኮምፒውተር የዓሣ የመሰለ ሽታ ይመጣል፦ እስከ 1994 በተሠሩት ላይ የኮምፒውተሩ ካፓሲተሮች ያፈስሳሉ። ቦርዱ ይጸዳ፣ 105 ዲግሪ የሚችሉ ካፓሲተሮች ይበየዱ። ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ይህን ይዩ።

የዳሽቦርዱ ቀስቶች ይጠፋሉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ስክሪን ይጠቁራል፦ በእነዚያው ዓመታት መኪኖች የተለመደ ነው፤ መኪናውን ከመሄድ አያግደውም።

ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፦ ዲስኩ ሁለቴ ተቀይሮ ካልለቀቀ የፊት የታችኛውን ብራቾ (ጎማውን የሚይዘውን ክንድ) ከፊት የሚይዘውን ዘንግ ጎሚኒ (መያዣ ጎማ) ይዩ። የላይኛው ቴስቲና (የብራቾው ኳስ መጋጠሚያ) ብቻውን አይቀየርም፤ ከብራቾው ጋር ነው የሚመጣው።

በዲ ማርሽ ቆሞ ወንበሩ ይርገበገባል፣ በኤን ይጠፋል፦ የሞተር ጎሚኒ። ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ።

ከስምንቱ ሲሊንደሮች አራቱ ደካማ ናቸው፦ እስከ 1997 ባሉት ላይ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡ ሁለት ዲስትሪቢዩተርና ሁለት ቦቢና አሉ፤ እያንዳንዱ ለአራት ሲሊንደር ነው፤ እነሱን ይዩ። ካንዴላ ብቻ ቀይሮ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

የታይሚንግ ቺንጋ ምልክት አይሰጥም። በ150,000 ኪሎሜትር ይቀየራል፤ የመኪናው ታሪክ ካልታወቀ ዛሬውኑ። ከ1998 ጀምሮ ቪቪቲ-አይ (የቫልቭ መክፈቻ ጊዜን የሚለዋውጥ ሥርዓት) ያላቸው ሞተሮች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተን ቫልቭ ይመታል። የውሃ ፖምፓውን የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ ፖምፓው፣ የቺንጋው ኩሽኔታዎች፣ ወጣሪውና ቴርሞስታቱ አብረው ይግቡ። አዲስ ቺንጋ በአሮጌ ኩሽኔታ ላይ አይታሰር፤ ኩሽኔታው ሲነክስ ቺንጋውን ይዞት ይሄዳል።

ቁልፍ ሲዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፦ ባትሪው ደህና ከሆነ የሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) የመዳብ ኮንታክቶች አልቀዋል። ሞተሪኖው ያለው ከአየር ማኒፎልዱ ሥር፣ በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መካከል ነው፤ ማኒፎልዱ ሳይነሳ አይደረስበትም። በመዶሻ መምታት እዚህ አይሠራም። ማኒፎልዱ ከተነሳ ኮንታክቶቹንና ፕላንጀሩን አንድ ላይ ይቀይሩ፣ ሸለቆው ውስጥ የደረቀ የራዲያተር ውሃ ምልክት እንዳለ ይዩ፣ የማኒፎልዱን ጓርኒሲዮኖች አዲስ ያድርጉ። አሮጌው ተመልሶ ከታሰረ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞው ይረበሻል፣ ማኒፎልዱም እንደገና ይነሳል።