አትክልት ከመትከልዎ በፊት የአፈር ተባይን እንዴት ይፈትሻሉ?

ችግኝ ተተክሎ ጠዋት ከሥሩ ተቆርጦ ሲገኝ ሩጫው ወደ መድኃኒት ሻጭ ነው። ያኔ ግን ረፍዷል። ፍተሻውን ከተከላው ሁለት ወር ገደማ አስቀድመው ይጀምሩ።

በማሳው ላይ እየተዘዋወሩ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ጉድጓዶች ይቆፍሩ። ሣር ያለበትን ዳር አይዝለሉት። አፈሩን ከረጢት ላይ ዘርግፈው በእጅዎ ይፈርፍሩት። ሲነኩት የሚጠቀለለው ግራጫማ አባጨጓሬ ቆራጭ ትል ነው። ራሱ ቡናማ፣ ገላው ነጭና ወፍራም የሆነው ደግሞ የጥንዚዛ እጭ ነው፤ ፍጉ ሳይብላላ የተበተነበትን መሬት ይወዳል። የምድር ትል ካገኙ ወዳጅ ነውና ይመልሱት።

ቢጫማና ጠንካራ የሆነውን ቀጭን ትል ለመያዝ የድንች ቁራጭ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብረው፣ በእንጨት ምልክት አድርገው ከጥቂት ቀን በኋላ ያውጡት። ማሳው ባዶ ካልሆነ በከንቱ አይልፉ፤ ሌላ የሚበላ ሥር ካለ ወደ ድንቹ አይመጣም።

አስቸጋሪው ኔማቶድ የሚባለው ሥር የሚያጠቃ ደቂቅ ትል ነው፤ በዓይን አይታይም። በመቂና በዝዋይ አካባቢ ቲማቲም በቲማቲም ላይ ለሚደጋግም ገበሬ ዋና ጠላት ነው። ያለፈው ሰብል ገና ካልተነሣ ሥሩን ቆፍሮ ማየት ከሁሉም ይቀላል። ከተነሣ ግን ከተለያየ ቦታ፣ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስደው ይቀላቅሉ። ፀሐይ ላይ አያስጡት፤ ኔማቶዱ ይሞትና ማሳዎ ንጹሕ ይመስልዎታል። ለማነጻጸር ግማሹን በእሳት አሙቀው ያቀዝቅዙ፣ ግማሹን እንዳለ ይተዉ። ሁለቱንም ሥራቸው በተበሳ ጣሳዎች ሞልተው የቲማቲም ችግኝ ይትከሉ። ኔማቶድን የሚቋቋም ዲቃላ ዘር ለዚህ አይሆንም፤ ተራው ይሻላል።

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይተው ጣሳውን ገልብጠው አፈሩን ውኃ ውስጥ ያርሱት። ግንዱን ይዞ መንቀል ዋጋ የለውም፤ ያበጠው ሥር ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። ሥሩ ራሱ አብጦ ቋጠሮ ቋጠሮ ከሠራ ኔማቶድ አለ። ባቄላን ለሙከራ አይጠቀሙ፤ የባቄላ ሥር ላይ ያለው ጤነኛ እብጠት ያሳስታል። እሱ በጣት ሲፈገፈግ ይላቀቃል፣ የኔማቶዱ ግን አይላቀቅም።

ኔማቶድ ከተገኘ ቲማቲም፣ ካሮትና ዱባ ወደ ሌላ መሬት ይሂዱ። ሙቀት በበዛበት ወቅት እርጥብ አፈር ላይ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ለ4–6 ሳምንት ዘርግቶ ዳሩን በአፈር መድፈን ብዙውን ይቀንሳል። ዶማና ቦት ጫማም ወደ ሌላው ማሳ ሳይታጠቡ አይሻገሩ።

ቆራጭ ትል ብቻ ከሆነ ይቀላል፦ አረሙን ከተከላው 2 ወይም 3 ሳምንት በፊት አጥፍተው ማሳውን ደግመው ይረሱ።