ቢላና መጥረቢያ በሚሽከረከር የወረቀት ዲስክ እንዴት ይሳላል?

ወረቀት ብረት ይስላል ቢባል ማን ያምናል? ግን ይስላል፤ ያውም ድንጋይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጀውን ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። አደጋውም ያው ፍጥነቱ ነው። ቶሎ የሚስል ማሽን ቶሎ ያበላሻል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ አትጫኑ።

ዲስኮቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ከተደራረበና ከተጣበቀ ወረቀት የተሠሩ ናቸው። የአንዱ ዙሪያ ላይ ሲሊከን ካርባይድ የሚባል፣ ብረት የሚፍቅ ደቃቅና ጠንካራ ብናኝ በኮላ ተለጥፎበታል፤ የሚስለው እሱ ነው። ሌላው ብናኝ የለውም፤ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። የሚታሰሩት ተራ የጠረጴዛ ግራይንደር ላይ ነው። የ20 ሳንቲ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 3,450 ዙር ሲዞር ዳሩ በሰከንድ ከ36 ሜትር በላይ ይሄዳል። ለጀማሪ በደቂቃ ከ1,400 እስከ 1,800 ዙር የሚዞር ሞተር ይሻላል። ዲስኩ ላይ ከተጻፈው የፍጥነት ጣሪያ ግን በፍጹም አትለፉ።

መጀመሪያ አቅጣጫውን አስተካክሉ

ተራ ግራይንደር ሲዞር የዲስኩ አናት ወደ እናንተ ይመጣል። ለወረቀት ዲስክ ይህ አይሆንም። ስለቱ ወረቀቱን ይነክስና ቢላው ከእጃችሁ ተፈናጥሮ ይወረወራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ማሽኑን ራሱን አዙራችሁ በጀርባው በኩል ቁሙ። አሁን የዲስኩ አናት ከእናንተ ይሸሻል። የሞተሩን ሽቦ ቀይሮ በተቃራኒ ማዞር ግን አይሞከርም፤ ዲስኩን የሚያስሩት ብሎኖች ሲዞሩ እንዲጠብቁ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ በተቃራኒው ይፈታሉ። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ በብሎን እሰሩት። መነጽር አድርጉ፣ የአፍ መሸፈኛም እንዲሁ። ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የተንጠለጠለ ነገር አይፈቀድም። የድንጋይ ዲስክ አጠገቡ ካለ ብልጭታው ወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ።

ብናኝ ያለውን ዲስክ ሰም አስነኩት

እየዞረ ሳለ ሰም ለአፍታ አስነኩት። ሰሙ ሙቀት ይቀንሳል፣ የብረት ብናኙም ዲስኩን እንዳይደፍነው ይከላከላል። ዲስኩ ደረቅ መስሎ በታያችሁ ቁጥር ድገሙት።

አሁን ወደ ቢላው

ለወጥ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ በቂ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የወረቀት ማዕዘን ሁለቴ እጠፉ፤ 22.5 ዲግሪ ይሰጣችኋል፣ ለዓይን መለማመጃ ይበቃል። ከዚያ የስለቱን ዳር በማርከር ቀቡትና ቢላውን ዲስኩ አናት ላይ፣ ስለቱን ወደ ማዶ አድርጋችሁ፣ አንድ ጊዜ በቀስታ አሳልፉት። ቀለሙ ከስለቱ ራቅ ብሎ ወደ ቢላው ጀርባ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ አንሷል፤ ጀርባውን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስለቱ ዳር ላይ ብቻ ከለቀቀ ጀርባውን በጣም ከፍ አድርጋችኋልና ዝቅ አድርጉት።

ማዕዘኑ ሲገኝ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ሳትቆሙ በእኩል ፍጥነት ጎትቱ። አንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ ከቀራችሁ ጎድጓዳ ይሠራል። ጫፉ ጋ ስትደርሱ ቢላው ከዲስኩ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አንሱት፣ አለዚያ ጫፉ ይዶለዱማል። ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ብረቱን በጣት ንኩት፤ ካቃጠላችሁ ውኃ ውስጥ ንከሩት። ስለቱ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፣ ያ ክፍል ተልጦ እስኪወጣ ድረስ ስለት አይይዝም።

መቼ ታቆማላችሁ? በአንዱ ጎን ስትስሉ በሌላው ጎን ቀጭን የብረት እጥፋት ይወጣል። አውራ ጣታችሁን ከጀርባው ወደ ስለቱ ስታሻግሩ ያዝ ያደርጋል። ስለቱን ተከትላችሁ ጣት አትሳቡ! እጥፋቱ ከሥር እስከ ጫፍ ሲሰማችሁ ጎን ቀይሩ። ይህን ሳታገኙ ወደ ማለስለሻው መሄድ ትርፉ ድካም ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ማለስለሻው (ብናኝ የሌለው ዲስክ) ላይ ነጭ የብረት ማወልወያ ቀቡና በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ አሳልፉ። አታብዙት፤ ስለቱን ያደነዝዘዋል። ከዚያ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ መብራት ሥር እዩት። የሚያብረቀርቅ ነጭ መስመር ወይም ነጥብ ካለ እዚያ ቦታ ገና አልተሳለም።

መጥረቢያ ሲሆን

መጥረቢያ ይከብዳል። የመጥረቢያውን ብረት በሁለት እጅ ያዙ፣ እጀታውን በብብታችሁ ሥር አሳልፉ። የተሸረፈ ካለ መጀመሪያ በሞረድ አውጡት፤ ወረቀቱን ለዚህ ሥራ ማድከም አያስፈልግም። ማዕዘኑ ከቢላ ይሰፋል፣ በየጎኑ 25 ዲግሪ አካባቢ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ስትወስዱት የእጅ አንጓችሁን በቀስታ እያወዛወዛችሁ ስለቱ ጎበጥ ብሎ እንዲወጣ አድርጉ፤ እንጨት ላይ ሲያርፍ ቶሎ የማይሸረፈው እንደዚያ ያለ ስለት ነው። ለመፍለጫ መጥረቢያ ማለስለስ ግዴታ አይደለም። ዛፍ ለሚቆርጥ ግን አትዝለሉት።

ብናኙ ሲያልቅ ዲስኩ አይጣልም። አሮጌውን ፋቁ፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፣ የእንጨት ኮላ ቀቡና የሲሊከን ካርባይድ ብናኝ ላይ እየተጫናችሁ አንከባሉት። አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። መጀመሪያ ስታስነሱት ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ፤ ያልያዘው ብናኝ የሚረግፈው ያኔ ነው።