ወደ ጎንደር በመሣሪያ ሲቀርቡ የተረጋጋ አፕሮች ለማብረር

በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ማረፊያው ባለበት በአዘዞ ላይ ዝቅ ብሎ በሚተኛበት ጊዜ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በመሣሪያ እየተመራ የሚቀርብ አብራሪ ዋናውን ውሳኔ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ሊጨርስ ይገባዋል። ከመሬት አጠገብ ሥራ ይበዛል፤ ጊዜ ያጥራል፤ «ትንሽ ብታገሥ ይስተካከላል» የሚለው አደገኛ ሐሳብም የሚመጣው እዚያ ነው።

በሰፊው የሚሠራበት መመዘኛ፣ በደመና ውስጥ ከማረፊያው ከፍታ በላይ 1,000 ጫማ፣ በጠራ አየር ደግሞ 500 ጫማ ላይ አፕሮቹ (ለማረፍ የሚደረገው የመቅረብ በረራ) የተረጋጋ እንዲሆን ይጠይቃል። የጎንደር ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 6,450 ጫማ ገደማ ስለሆነ፣ በኪውኤንኤች (ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ እንዲያሳይ በሚያደርገው የግፊት ልክ) የተስተካከለው የከፍታ መለኪያ፣ አልቲሜትሩ፣ እነዚህን ከፍታዎች የሚያሳየው ወደ 7,450 እና 6,950 ጫማ አካባቢ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከወቅቱ ቻርት (የአፕሮች ካርታ) ወስደው በብሪፊንግ ጊዜ ጮክ ብለው ይናገሩት።

በዚያ ከፍታ ላይ ጎማው ወርዶ፣ ፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋው ክፍል) ለማረፊያ ተስተካክሎ፣ ቼክሊስቱ ተጠናቆ መገኘት አለበት። ፍጥነቱ ለማረፊያ በመነሻነት ከተሰላው ፍጥነት በታች ወይም ከዚያ በላይ ከ20 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) የበለጠ፣ የመውረጃ ፍጥነቱም በደቂቃ ከ1,000 ጫማ የበለጠ መሆን የለበትም። ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ከሆነ አፕሮቹ አልተረጋጋም።

ጎንደር ላይ ልዩ ትኩረት የሚሻው የአየሩ መሳሳት ነው። የሙቀት መጠኑ 25 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ አየሩን ወደ 9,200 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ ያህል ስስ ሆኖ ያገኘዋል፤ በዚህም የተነሣ መሣሪያው 120 ኖት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 138 ኖት ይደርሳል። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት ለመውረድ የምድር ፍጥነትን በ5 ማባዛት ግምቱን ስለሚሰጥ፣ ነፋስ በሌለበት በደቂቃ 690 ጫማ ገደማ ያስፈልጋል፤ 10 ኖት የጅራት ነፋስ ካለ 740 ይሆናል። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ አብራሪ ከመስመሩ በላይ ሆኖ ይቀርና ወደ መጨረሻው አፍንጫውን ደፍቶ ለመድረስ ይገደዳል። የቁልቁለት ምልክት በማይሰጥ አፕሮችም ደረጃ በደረጃ ከመውረድ ይልቅ ያለማቋረጥ በአንድ መጠን መውረድ እጅግ የተሻለ ነው።

ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንኳ ከጎደለ ጎ አራውንድ ይደረጋል፣ ማለትም ማረፉን ትቶ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል፤ ከተባለው ከፍታ በታች ከወረዱ በኋላ ቢበላሽም እንዲሁ። መሣሪያዎቹን የሚከታተለው አብራሪ፣ ረዳትም ቢሆን፣ «አልተረጋጋም» ሲል ካፒቴኑ ሳይከራከር ኃይል ይጨምራል። ስስ አየር የመውጣት አቅምን ስለሚቀንስና ከአዘዞ ወደ ሰሜን መሬቱ ወደ ከተማው ሽቅብ ስለሚወጣ፣ በቻርቱ የተሰመረውን የጎ አራውንድ መንገድ በትክክል መከተል ግዴታ ነው፤ የመውጣት አቅሙም በዕለቱ ክብደትና ሙቀት አስቀድሞ መሰላት አለበት።

ይህን ውሳኔ በነፃነት ለመወሰን ግን ነዳጅ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ቅርብ አማራጭ ቢሆንም በጣና ዙሪያ ያለው የክረምት ዝናብ ሁለቱንም ማረፊያዎች በአንድ ጊዜ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከመነሳት በፊት የባሕር ዳርን ትንበያ አይተው፣ አጠራጣሪ ከሆነ ራቅ ላለ ማረፊያ የሚበቃ ነዳጅ ይጫኑ።