አሮጌ በር ለዕቃ ማሳያ

ከፈረሰ ቤት የወጣ የእንጨት በር ለማገዶ አይሂድ። ደሴ ሰኞ ገበያም ሆነ ኮምቦልቻ ባዛር ላይ ለምትሸጡ፣ ሁለት በር ነጠላና ጌጣጌጥ ለመስቀል ይበቃል። ስትገዙ ጠርዙን አንኳኩ፤ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ አለበት፣ ተዉት።

ዋናው ነገር አቋቋሙ ነው። አንድ በር ብቻውን ቢደገፍ ከሥሩ ይንሸራተታል። ሁለቱን በ3 ማጠፊያ አያይዙና እንደተገለጠ መጽሐፍ በ90 ዲግሪ ገደማ አቁሙ። ከዚያ በላይ ከተዘረጋ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከላይ በኩል ሁለቱን ጫፎች የሚያገናኝ ጣውላ በብሎን እሰሩ። በየእግሩ ደግሞ 10 ኪሎ ያህል አሸዋ በጆንያ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በሩን እንደ ሸራ ነው የሚገፋው። ፒኑ የሚወጣ ማጠፊያ ከመረጣችሁ ማታ ነጣጥሎ መጫን ይቀላል።

መስቀያውን ወፍራሙ ፍሬም ላይ ብቻ ምቱ። መሃሉ ስስ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ለ4 ሚሊ ብሎን በቅድሚያ በ3 ሚሊ ድሪል ብሱ። መስታወት ያለው በር ካገኛችሁ መስታወቱን አውጥታችሁ የሽቦ ወንፊት ግጠሙበት፤ ለጆሮ ጌጥ ከዚህ የተሻለ የለም።

አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በተለይ ልጆች ባሉበት። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉና 2 ዙር ቫርኒሽ ቀቡ። ነጠላ የምትሰቅሉ ከሆነ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፤ ካልደረቀ ነጩን ያቆሽሻል። የቀረች ሚስማር ካለችም ጥለቱን ትመዛለች፣ በእጃችሁ ዳስሱ።