የሚያም ጉልበትን እንዴት ማከም ይቻላል?

መጀመሪያ ይለዩት። ጉልበቱን ያመመው ብዙ ሰው «ሪህ ነው» ብሎ ሥጋ ያቆማል። ሪህ በዩሪክ አሲድ ክምችት የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ በድንገት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜም ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል። እዚህ የምናወራለት ኦስቲዮአርትራይትስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ሕመም ግን የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት እየሳሳ ሲሄድ ቀስ በቀስ ይመጣል። ደረጃ ሲወርዱ፣ ከበርጩማ ሲነሱ ያማል፤ ጠዋት ይተሳሰርና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፍታታል። ጉልበቱ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ዋናው መድኃኒት የጭን ጡንቻ ነው። ጉልበት ሲያርፍ የፊት ጭን ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ጡንቻው የሚሸከመው ጫናም መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል። ስለዚህ አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡና የተጠቀለለ ፎጣ ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ። ፎጣውን ቁልቁል ተጭነው 5 ሰከንድ ይቆዩ፤ 10 ጊዜ ይድገሙ። ጣትዎን ከጉልበት ሎሚ በላይ ያሳርፉ፤ ጡንቻው ካልጠጠረ የሚገፉት በዳሌዎ ነው።

ቀጥሎ ከፍ ካለ ወንበር እጅዎን ሳይደገፉ 10 ጊዜ ይነሱ፣ ይቀመጡ። ሲቀመጡ ዘፍ አይበሉ፤ ጡንቻውን የሚያጠነክረው ቀስ ብሎ መውረዱ ነው። ካቃተዎ ወንበሩ ላይ ትራስ ይጨምሩ።

ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሲሠራ ስላመመው ጉልበቱን የጎዳው ይመስለዋል። መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው። ሕመሙ ወደ ነበረበት ከተመለሰ ይቀጥሉ። ካልተመለሰ ወይም ካበጠ ቁጥሩን በግማሽ ይቀንሱ እንጂ አያቁሙ። ለውጡን ለማየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል።

ከመጠን ያለፈ ክብደት ካለዎት ይቀንሱ፤ 1 ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀላል። ቡና ሲያፈሉም በርጩማውን ትተው ከፍ ባለ መቀመጫ ይጠቀሙ።

ከዘራ የሚያዘው በጤነኛው እግር በኩል ነው፤ ቀኝ ጉልበት ከታመመ በግራ እጅ። ቁመቱ ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎ ሲንጠለጠል የእጅዎ አንጓ ጋ ይድረስ።

ከክኒን በፊት የዳይክሎፌናክ ቅባት ይሞክሩ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ኢቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይውሰዱ፤ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካው። የስቴሮይድ መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል፤ የሳሳውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ያበጠ ጉልበትም ለወጌሻ እሽት አይሰጥም።

ይህን ሁሉ ለወራት ሠርተው ሕመሙ አሁንም እንቅልፍ ከነሳዎ፣ ስለ መገጣጠሚያ ቅየራ የአጥንት ስፔሻሊስት ያማክሩ። ራጁን ቆመው ይነሱ፤ ተኝተው ከተነሱት የአጥንቶቹ መቀራረብ በትክክል አይታይም።