ክላስተራችሁ «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል? ሃዱፕን ስትጠብቁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሃዱፕ ብዙ ማሽኖችን (ኖዶችን) እንደ አንድ ክላስተር አያይዞ ትልቅ ዳታ የሚያስቀምጥና የሚያቀናብር ሶፍትዌር ነው። ሰሞኑን እሱ ላይ ያው የማውቀው ስህተት ደግሞ ገጠመኝ። ጎበዝ ጀማሪ ባለሙያ ነው። የእያንዳንዱን ፎልደር ፈቃድ በጥንቃቄ አስተካክሏል። የደመወዝ ዳታው ባለቤቱ ብቻ እንዲያየው 700 ተደርጓል። «ማንም አይገባበትም» አለኝ። ላፕቶፑን ተቀበልኩትና «ሃዱፕ ዩዘር ኔም» የሚባለው ቫሪያብል ላይ «ኤችዲኤፍኤስ» (የሃዱፕ ፋይል ማከማቻ ስም) ብዬ ጻፍኩ። አንድ መስመር ናት። ከዚያ የደመወዙን ፋይል ከፈትኩለት። ልጁ ክው አለ።

ፈቃድ መስጠትና ማንነት ማረጋገጥ ለየቅል ናቸው! ሃዱፕ ካልነካካችሁት ማረጋገጫው «ሲምፕል» በሚባለው ላይ ነው። እከሌ ነኝ ያለውን ሁሉ እከሌ ነህ ብሎ ያስገባል። ፓስወርድ አይጠይቅም። ኔምኖዱን (የፋይሎቹን መዝገብ የሚይዘውን አገልግሎት) ያስነሳው ዩዘር ደግሞ የበላይ ስለሆነ የፈቃድ ፍተሻ አይመለከተውም፤ የዚህ ዩዘር ስም ብዙ ቦታ «ኤችዲኤፍኤስ» ነው። ስለዚህ 700 ያላችሁት ፎልደር የዚያን ዩዘር ስም ለሚያውቅ ሁሉ ክፍት ነው። መፍትሔው ኬርቤሮስ ነው፤ ማንነትን አረጋግጦ «ቲኬት» የሚሰጥ ሥርዓት ነው። አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። በሰርቨሮቹ መካከል የሰዓት ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ካለፈ አልቀበልም ይላል፤ ዲኤንኤሱ (የማሽኖቹን ስም ወደ አድራሻ የሚለውጠው) ከተዛባ ቀኑን ሙሉ ሎግ ስታነቡ ትውላላችሁ። መጀመሪያ ሁለቱን አስተካክሉ፤ ግማሹ ጣጣ ያልቃል።

ሁለተኛው፣ እኔም የሠራሁት ነው። የያርንን (በክላስተሩ ላይ ሥራ የሚያከፋፍለውን የሃዱፕ ክፍል) ገጽ ከቤት ሆኜ ለማየት ብዬ ፖርት 8088ን ለኢንተርኔት ከፈትኩ። ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር። ጠዋት ስገባ ሲፒዩው ሁሉ ተጨናንቋል፤ «ዶክተር ሁ» በሚል ዩዘር ስም የማላውቃቸው ሥራዎች ተደርድረዋል። ይህ ስም ማንነቱን ሳያሳውቅ በድር በኩል ለሚገባ ሁሉ ሃዱፕ የሚሰጠው ነው። ያ ፖርት ማየት ብቻ ሳይሆን ሥራ ማስገባትም ይፈቅዳል፤ ሥራ ማስገባት ማለት ደግሞ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ የፈለጉትን ትእዛዝ ማስኬድ ነው። ክሪፕቶ ይቆፍሩበት ነበር። ሥራዎቹን ባጠፋም ክሮን (ትእዛዞችን በየሰዓቱ የሚያስነሳው) ውስጥ ተቀብረው ተመልሰው ይነሳሉ። በመጨረሻ ኖዶቹን ከዜሮ ጫንኳቸው። የእኔ ዳታ እንኳ ተርፏል። በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ እንዲሁ ተጋልጠው የነበሩ የኤችዲኤፍኤስ ክላስተሮች ዳታቸው ተጠርጎ ጠፍቷል።

ኪይታብ ፋይልን (የኬርቤሮስ ቁልፍ የያዘውን) ጊት ላይ አትጫኑ። ፓስወርድ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ብቻ እንዲያነበው 400 አድርጉት።

ኬርቤሮስን አስገብተው «ፕሮክሲ ዩዘር» (አንድ አገልግሎት በሌላ ሰው ስም እንዲገባ የሚፈቅደው ማስተካከያ) ላይ ኮከብ (*) የሚያደርጉ አሉ። ኮከብ ማለት ያ አገልግሎት ከየትኛውም ማሽን፣ በማንኛውም ሰው ስም ይግባ ማለት ነው። ያን ሁሉ ድካም በአንድ ምልክት ገደል መክተት ነው። የማሽኖቹን ስም ዘርዝራችሁ ጻፉ፤ ግሩፑንም ለይታችሁ ወስኑ።

ስፓርክንም (ሃዱፕ ላይ የሚሠራውን የዳታ ማቀናበሪያ) አትርሱት። የራሱ ማረጋገጫ ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚቆየው።

በኔትወርክ የሚተላለፈው ዳታም ኬርቤሮስ ስለገባ ብቻ አይመሰጠርም። የአርፒሲ (ማሽኖቹ እርስ በርስ የሚጠራሩበት መንገድ) ጥበቃውን «ፕራይቬሲ» ላይ አድርጉት፤ የዳታ ኖዶቹን (ፋይሎቹን የሚያስቀምጡትን) ምስጠራ ለብቻው አብሩ።

ሁሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ቲኬታችሁን በ«ኬዲስትሮይ» አጥፉና ኤችዲኤፍኤስ ላይ ያሉትን ፋይሎች ለመዘርዘር ሞክሩ። ዝርዝሩ ከመጣላችሁ ገና ናችሁ።